ቀትር ላይ የሚያርፈው ሰርቨር

የእኛ ሥራ አስኪያጅ ትራክተርና ሰርቨር የሚለያዩት በጎማ ብቻ ነው ብለው የሚያምኑ ሰው ነበሩ። አላጋነንኩም። ወደ ቢሮ ወንበር ከመምጣታቸው በፊት ኮኪት አካባቢ በአንድ ባለሀብት እርሻ ላይ የማሽነሪ ኃላፊ ሆነው ብዙ ዘመን ሠርተዋል። እዚያ ቀትር ላይ፣ ፀሐይ አናት ስትበሳ፣ ትራክተር ጥላ ሥር ቆሞ ይበርዳል፤ አለዚያ ሞተሩ ይቃጠላል። ጥሩ ሕግ ነው፣ ለትራክተር። እሳቸው ግን ገንዳ ውሃ ከተማ ላይ ሰሊጥ የሚያበጥርና የሚያከማች ድርጅት እንዲመሩ ሲሾሙ ያንን ሕግ ይዘውት መጡ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ዘበኛው ከራኩባው፣ ከዚያች የሳር ጥላቸው ሥር ይነሡና የቢሮውን የመብራት ማብሪያ ያወርዳሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማሽን ያርፋል። ኮምፒውተሩ ያርፋል፣ ማተሚያው ያርፋል፣ አየር ማቀዝቀዣውም አብሮ ያርፋል። መብራት ሲጠፋ ይረዳን ዘንድ የተገዛው ባትሪም ይጠፋል፤ «እሱስ ማሽን አይደለም እንዴ?» ይላሉ ሥራ አስኪያጁ። የማያርፈው ሰው ብቻ ነው። ሰው በዚያ ምድጃ ውስጥ ተቀምጦ በእጁ ይጽፋል።

እኔ የዚያ ድርጅት ብቸኛ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ። ባለሙያ ይባላል እንጂ ግማሹ ሥራዬ አቧራ መጥረግ ነበር። የሰሊጥ ማበጠሪያ አጠገብ ያልሠራ ሰው አቧራ አውቃለሁ አይበለኝ። ምላሷ ስለታም ነው ይሉኛል፤ ይበሉ። ምላስ ባይኖረኝ ያንን ቆላ በምን እችለው ነበር?

ልጄን ጎንደር እህቴ ዘንድ የላክኋት ገና ድክ ድክ ከማለት እንዳለፈች ነው። ወባ ነው ያሸነፈን። ታክማ ተነሣች ስንል ሳታገግም ደግማ ትወድቃለች። በመጨረሻ የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ «እናቷ፣ ይቺን ልጅ ከዚህ ካላወጣሻት ኋላ እኔን እንዳትወቅሺኝ» ብላ ቁርጡን ነገረችኝ። አባቷን አትጠይቁኝ። ሊነግድ ብሎ ወደ ሱዳን ተሻግሮ እዚያው ቀልጦ ቀርቷል፤ ለእሱ ቀለም አላባክንም። እናም ልጄ ደጋ፣ እኔ ቆላ ሆነን ቀረን። መጀመሪያ በስልክ ድምፄን ስትሰማ ታለቅስ ነበር። ያ ከፋኝ እል ነበር። ማልቀስ ያቆመች ቀን ነው በደንብ የከፋኝ።

ጎንደር ዋናው ቢሮ ውስጥ አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ መደብ ክፍት ነበር። ዝውውር ጠየቅሁ። ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አወረዱና፣ «የሚተካሽ አምጪና ሂጂ» አሉኝ። ኧረ ማን ይመጣል! ማስታወቂያ ወጣ፤ አንድ ተወዳዳሪ ከባሕር ዳር መጣ። ከአውቶቡሱ ሲወርድ ሙቀቱ ፊቱን በጥፊ ቢለው በዚያው አውቶቡስ ተመልሶ ሄደ፤ ሻንጣውን እንኳ አላስወረደም። ከዚያ ወዲያ ወሬው ተዳርሶ መሰለኝ ማንም አልመጣ።

እንዲህ እያለን ነው ክላውድ የተገዛው። የግል ክላውድ የሚሉት ነገር ለማያውቀው ያስፈራል እንጂ ጉዳዩ ቀላል ነው። ሦስት ሰርቨሮች አንድ ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ፤ በላያቸው ሶፍትዌር ይጫንና ሦስቱ እንደ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ሆነው ይሠራሉ። የኮኪትና የሽንፋ መጋዘኖቻችን በአንቴና እየገቡ ሥራቸውን እዚያ ላይ ይሠራሉ። በየመጋዘኑ አቧራ የሚበላው ኮምፒውተር መግዛት ይቀራል። አሳቡ ጥሩ ነበር፤ አሳብ ምን ጊዜም ጥሩ ነው። የሂሳብ ክፍሏ ሴትዮ ስሙን ስትሰማ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብላ ሳቀች። ለጊዜው እሷው ልክ ነበረች።

ሊጭን የመጣው ሰውዬ ኢንጂነር ይባላል። ሰው ሁሉ ኢንጂነር አለው፤ እኔም አልኩት፤ ምን ገዶኝ። በሚያዝያ ወር ገንዳ ውሃ ላይ ኮት ለብሶ የሚዞር ሰው ግን ኢንጂነርም ቢሆን ጤናው ያጠራጥራል። ላፕቶፑን ከፍቶ እያነበበ፣ በሁለት ጣቱ እየለቀመ፣ አንዱን ሰርቨር ጨርሶ ወደ ሁለተኛው፣ ሁለተኛውን ጨርሶ ወደ ሦስተኛው ይሄዳል። አንዱ ላይ የጻፈውን ሌላው ላይ ይረሳዋል፤ የረሳውን ሲያስታውስ ወደ ኋላ ተመልሶ ሌላ ያበላሻል።

«ምን ምን እንዳደረግህ አሳየኝ እንጂ፤ ነገ ቢወድቅ እንዳነሣው» አልኩት።

«ረጅም ነው፤ አይገባሽም» አለኝ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

አይገባሽም! እሺ። ጨርሶ ሲያበቃ ሽንፋ ተደወለ፤ መጋዘኑ ገባልን አለ፤ ተጨበጨበ፤ ፍየል ታረደ። ኢንጂነሩ ጥብሱን በልቶ፣ አበሉን ተቀብሎ፣ በማግስቱ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈረ። ከሰዓት በኋላ ክላውዱ ወደቀ።

ተደወለለት፤ ተመልሶ መጣ። ምን ሆኖ ወደቀ ብሎ ሳይመረምር ሁሉንም አጥፍቶ ከሀ ጀመረ። ቆመ። ሄደ። ወደቀ። አሁንም መጣ፣ አቆመው፣ ሄደ፣ ወደቀ። እሱ እያለ ቀጥ ብሎ የሚሠራ ነገር እሱ ሚኒባስ ላይ ሲወጣ ይሞታል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ? ዘበኛው፣ የወሎ ሽማግሌ ናቸው፣ «ልጄ፣ ጠበል ቢረጭበትስ?» አሉኝ። የሂሳቧ ሴትዮ «ሰውዬውን ለምዶታል፤ ሲለየው ይከፋዋል» አለች። ሥራ አስኪያጁማ ጭራሽ ኢንጂነሩን በቋሚነት መቅጠር ይቻል እንደሆነ ዋናውን ቢሮ ጠየቁ። ኢንጂነሩ ይህን ሰምቶ ደረቱን ነፋ። ለምን እንደሚወድቅ እሱም እንደማያውቅ ከዓይኑ አይቼበታለሁ፤ ግን በየመውደቁ አበል አለ፣ ጥብስ አለ፤ ምን አስቸኮለው?

እኔ ሰርቨሮቹ የሚጽፉትን መልእክት ሳነብ ከረምኩ። ሁልጊዜ አንድ ነገር ይላሉ፤ አንዱ ለሌላው ቁልፍ፣ ማለትም የጊዜ ገደብ ያለው የይለፍ ፈቃድ፣ ይሰጣል፤ ሌላው «ቁልፍህ ጊዜው አልፎበታል» ብሎ ይመልሰዋል። አሁን የተሰጠ ቁልፍ እንዴት ነው ጊዜው የሚያልፍበት? ግራ ገባኝ።

አንድ ቀን ከመጋዘን ቀደም ብዬ ተመለስኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ዘበኛው መብራቱን እንዳበሩት ነው። ሰርቨር ክፍል ስገባ ሥራ አስኪያጁ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ ስክሪን ባለው ሰርቨር ላይ ጎንበስ ብለዋል። ሰርቨሩ ሲነሣ አንድ ቁልፍ ከተጫኑ የሚመጣ ሰማያዊ ገጽ አለ፤ ኢንጂነሩ ዕውቀቱን ሲያሳይ አሳይቷቸዋል።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ሰዓቱን እያስተካከልኩ» አሉኝ። «ያ ባለ ኮት ሁልጊዜ አበላሽቶት ይሄዳል። እዪ፣ አሥራ አምስት ሰዓት ይላል። በእግዜር አገር አሥራ አምስት ሰዓት የሚባል ሰዓት አለ? ዘጠኝ ነው!»

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰዓት በጣታቸው አሳዩኝ። እውነታቸውን ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት ነው። በእኛ አቆጣጠር ዘጠኝ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር አሥራ አምስት። ስክሪን የተሰካው አንዱ ሰርቨር ላይ ብቻ ስለሆነ እሱን ብቻ አስተካክለውታል። አንዱ በአገሩ ሰዓት፣ ሁለቱ በፈረንጅ ሰዓት፤ በመሀላቸው ስድስት ሰዓት ልዩነት። ለካ አንዱ የሰጠውን ቁልፍ ሌላው ያለፈበት ነው እያለ የሚጥለው ለዚህ ነው! ኢንጂነሩ እዚህ እያለ እንዳይነኩበት ያፍሩታል፤ ሲሄድ ጠብቀው ያስተካክላሉ።

ቆሜ ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ ወደ ንዴት ዞረ። ያን ሁሉ ወር! ያን ሁሉ ፍየል!

ነገርኳቸው። ቀስ ብዬ፣ እንደ ልጅ እያባበልኩ ነገርኳቸው። ሰሙኝና፣ «እንግዲያው የተሳሳቱት ሁለቱ ናቸዋ! እነሱንም ወደ ዘጠኝ አምጪያቸው» አሉኝ። የሚያናድደው ደግሞ ከኢንጂነሩ መልስ የእሳቸው ይሻል ነበር። ለእሱ ስደውልለትማ፣ «እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለኝ። ጠርጥሬ ነበር! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ የእሱ ግን ሳይታጠቅ ነው የሮጠው።

ያኔ ነው አሳቡ የመጣልኝ። የሚተካኝ ሰው ከጠፋ የሚተካኝ ስክሪፕት ልጻፍ። ኢንጂነሩ በሁለት ጣቱ የሚለቅመውን ሁሉ ትእዛዝ በትእዛዝ በአንድ ፋይል ላስፍር፤ ማንም መጥቶ አንድ መስመር ጽፎ ኢንተር ቢጫን ክላውዱ ከባዶ ተነሥቶ ይቁም። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ።

«ጋሼ፣ ክላውዱ ያለ እኔም ያለ ኢንጂነሩም የሚቆም ከሆነ ጎንደር ይለቁኛል?»

«ያላንቺ?» አሉኝ፤ ሳቅ አሉ። «እኔ በዚህ በእጄ ካቆምኩት፣ አንቺ ክፍሉን ሳትረግጪ፣ በዚያው ቀን ነው የምፈርመው።»

«ቃልዎ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

ክረምቱን ሙሉ ጻፍኩት። መጀመሪያ ሰዓቱን፤ ሦስቱም ሰርቨሮች ሰው ምንም ቢነካካ ሰዓታቸውን ከአንድ ቦታ ብቻ እንዲወስዱ አደረግሁ። ለሥራ አስኪያጁ ደግሞ ዓይናቸው እንዳይቀላ ስክሪኑ ላይ የአገር ሰዓት የምታሳይ ትንሽ መስኮት ሠራሁላቸው፤ እሷን እያዩ ይርኩ። ከዚያ አድራሻቸውን፣ ዲስኩን፣ የይለፍ ቃሉን፣ የመጋዘኖቹን መግቢያ። ሁሉን በየተራው።

ያስለቀሰኝ ቀትሩ ነው። ስክሪፕቱ ግማሽ ሲደርስ ስድስት ሰዓት ይሆናል፤ ዘበኛው ይነሣሉ፤ ጥፍት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደገና ስጀምረው የሠራውን ደግሞ ይሠራዋል፤ የከፋፈለውን ዲስክ ደግሞ ይከፋፍለዋል፤ ሁሉ ነገር ይተረማመሳል። ለአንድ ቀን ማብሪያውን ይተዉልኝ ብዬ ብለምን፣ «አንቺን ብዬ ሕግ አላፈርስም» አሉኝ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ እሳቸውን መስደብ ባልችል ሰርቨሩን ስሰድበው ዋልኩ። ኋላ ግን ስልቱን ቀየርኩት። እያንዳንዱ ትእዛዝ ከመሥራቱ በፊት «ይህ ተሠርቷል ወይ?» ብሎ እንዲጠይቅ አደረግሁ። ከተሠራ ያልፈዋል፤ ካልተሠራ ይሠራዋል። የትም ላይ ቢገደል፣ ስንቴም ቢገደል፣ ሲነሣ ካቆመበት ይቀጥላል። ሥራ አስኪያጁ እንዲገባቸው ስክሪኑ ላይ የሚወጣውንም በአማርኛ ጻፍኩት። በአንድ ሳምንት ውስጥ ደጋግሜ ገድዬ ደጋግሜ አነሣሁት፤ እሺ አለኝ። ኮራሁ። ማንም ስላላመሰገነኝ ራሴን አመሰገንኩ።

የፈተናው ቀን መስከረም ላይ ደረሰ። የመጋዘኖቹን መረጃ ለብቻው ቀድቼ አስቀመጥኩ፤ ሦስቱ ሰርቨሮች ባዶ ተደረጉ። ኢንጂነሩ ታዛቢ ሆኖ ተጠራ፤ ኮቱን ለብሶ መጣ። እኔ ወጥቼ ራኩባው ሥር ከዘበኛው ጋር ተቀመጥኩ። ካርካዴ፣ ያን ቀዩን የአበባ ሻይ፣ ቀዱልኝ። ሳልቀምሰው ብርጭቆውን መሬት አስቀመጥኩት።

ሥራ አስኪያጁ ወዲያው አይጀምሩም እኮ! መጀመሪያ ሻይ ጠጡ። ከዚያ ለኢንጂነሩ ስለ ድሮ ትራክተር አወሩለት። ኢንተሩን ሲጫኑ ረፍዶ ነበር፤ ስክሪፕቱ ገና መንገድ ላይ እያለ ስድስት ሰዓት ሆነና ዘበኛው ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«አባ፣ በሞቴ! ዛሬን እንኳ ይለፉን።»

«ትእዛዝ ነው ልጄ።»

«እሳቸው ራሳቸው እኮ ናቸው የሚሠሩበት!»

«እንግዲያው እሳቸው ይጥሩኛ፤ ተው ይበሉኝ። እኔ በአንቺ ቃል እንጀራዬን ልጣ?»

ሮጬ ገብቼ ብናገር «አየሽ፣ ያላንቺ አልሆነም» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። ሽማግሌው ማብሪያውን አወረዱት።

መጀመሪያ የወጣው ኢንጂነሩ ነው፤ ጥርሱ ሁሉ ይታያል። «ሞተ!» አለኝ። «አጋማሽ ላይ ነው የሞተው። አሁን ሁሉን አጥፍቶ ከሀ መጀመር ነው። ስክሪፕት እንደዚህ ነው እንግዲህ።» ከኋላው ሥራ አስኪያጁ ላባቸውን እየጠረጉ መጡና፣ መብራቱ ለምን ጠፋ እንደማለት ዘበኛውን «ጎበዝ፣ ሰዓትህን አከበርክ» ብለው አመሰገኗቸው። አቤት! ማሽኑ የሚሠራው በእሳቸው እጅ ነው፤ የገደለው የእሳቸው ሕግ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ደስ ብሏቸዋል።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያንኑ መስመር ይጻፉ፤ ሌላ ምንም አይንኩ» አልኳቸው።

እስከ ዘጠኝ እንዴት እንደቆየሁ እኔ ነኝ የማውቀው። መብራት መጣ፤ ገቡ። ከመስኮቱ በኩል የሥራ አስኪያጁ ድምፅ ይሰማኛል፤ እንደ ፊደል ተማሪ ጮክ ብለው ያነባሉ። «ይህ ተሠርቷል፣ አልፌዋለሁ። ይህ ተሠርቷል፣ አልፌዋለሁ። ይህ አልተሠራም፣ እሠራዋለሁ...» ብዙም አልቆየ፣ ሥራ አስኪያጁ ሽንፋ ደወሉ፤ የመጋዘኑ ሰው «ገባልን!» ብሎ ሲጮህ ራኩባው ድረስ ተሰማኝ። እንባዬ መጣ። አላፈርኩበትም። ዘበኛው «እሰይ ልጄ፣ እሰይ!» አሉኝ፤ ለምን እንደማለቅስ ያውቁ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ወጥተው እንደ ጀግና ቆሙ። «እኔ ራሴ አቆምኩት!» አሉ። ይበሉ፤ ምን ቸገረኝ፤ ብቻ ይፈርሙልኝ። ኢንጂነሩ እንደዚያ ሲስቅ የነበረው አሁን አንገቱን ደፍቶ፣ «እስቲ ለማየት ያህል በፍላሽ ስጪኝ» አለ። ፊቴን አዞርኩ። «ስጪው እንጂ!» አሉኝ ሥራ አስኪያጁ። «ለዋናውም ቢሮ ይጠቅማል፤ ንፉግ አትሁኚ።» ሰጠሁት።

የሰሊጥ አጨዳው ሲጀመር ከተማው ከደጋ በሚመጡ ሠራተኞች ሞላ። ያን ሰሞን ሥራ አስኪያጁ አስጠሩኝ። ፈገግ ብለዋል።

«እንኳን ደስ አለሽ። ቃሌን ጠበቅሁ። መልቀቂያሽን ፈረምኩ።»

ጉልበታቸውን ልስም ምንም አልቀረኝ። «ጎንደር መቼ ሪፖርት ላድርግ?»

«ጎንደር?» አሉኝ። «ያቺ መደብማ ታጠፈች። ኢንጂነሩ ያንቺን ስክሪፕት ወስዶ ጭኖላቸው፣ በአንድ ኢንተር ቀጥ ብሎ ቆመ አሉ። ሰው ለምን እንቀጥራለን አሉ፤ እውነታቸውንስ ነው። እሱን ግን አማካሪ አድርገውታል።»

ምን እንዳልኩ በደንብ አላስታውስም። «እንግዲያው እዚሁ ልቆይ» ያልኩ ይመስለኛል።

«እዚህማ ያላንቺ እንደሚቆም ራስሽ አሳየሽን!» አሉኝ፤ እንደ ምርቃት ነው ያሉት፤ ክፋት የለበትም። «ያንቺንም መደብ አሳጠፍኩት። ልቀቁኝ፣ ልቀቁኝ ስትይ አልነበር?»

መልቀቂያዬን ከጠረጴዛው አነሣሁ። ስወጣ የሂሳቧ ሴትዮ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷት ነበርና፣ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው» አለች፤ ከዚያ ደንግጣ አቀፈችኝ።

ጎንደር ደወልኩ። ልጄ ናት ያነሣችው። «እመጣለሁ፤ አልመለስም» አልኳት። ስልኩን ጥላ፣ «እማዬ ልትመጣ ነው! ከዚህ በኋላ አትሄድም!» እያለች ቤቱን ስትዞረው ሰማሁ። እህቴ ስልኩን አነሣችውና እልል አለች። «ተሳካልሽ! ዝውውሩ ወጣልሽ ማለት ነው? መቼ ነው ሥራ የምትገቢው?» አለችኝ። ልጄ ከኋላ እየዘለለች ትስቃለች። «መስመሩ አይሰማም» አልኳትና ዘጋሁት።